ውጭ የተወለደ ክልስ ልጃችሁን ጎጃም አያቶቹ ቤት እንዴት እንደምትወስዱ

ሻንጣ ማሰናዳቱ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚከብደው ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቢቸና ሲደርስ እንደ ቤቱ ልጅ እንዲገባ ማድረጉ ነው። ይህ ደግሞ ከጉዞው ብዙ ወራት በፊት፣ በሰው አገር ባለው ቤታችሁ ይጀመራል።

1. አፉን በአማርኛም ይፍታ

ጎጃሜው ወላጅ ለልጁ ሁልጊዜ በአማርኛ ያውራ፤ ሌላው በራሱ ቋንቋ። ልጁ በሌላው ቋንቋ ቢመልስም አማርኛውን አትተዉ። ሁለቱን ቢቀላቅል አትደንግጡ፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ሕፃን ሁሉ ያደርገዋል። መጀመሪያ የአያት ቤት ቃላት ይግቡት፦ ውሃ፣ ወተት፣ እንጀራ፣ ና፣ ተው፣ እሳት፣ አመመኝ፣ ሽንቴ መጣ። ማታ እሹሩሩ እያላችሁ አስተኙት፤ አያቱም አዝለው የሚሉት ይህንኑ ነው።

በየሳምንቱ ቀን ቆርጣችሁ ደውሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ሲፈላ ጥሩ ሰዓት ነው። ጀርመን ያላችሁ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከአገር ቤት በ2 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ። ልጁ ባያወራም ሙቀጫው ሲወቀጥ ይስማ፣ የአያቱን ፊት ይልመድ። አያቱ የቤት ስም አውጥተውለት ከሆነ እናንተም አንዳንዴ በዚያ ስም ጥሩት፤ እዚያ ሲደርስ የሚጠራው በዚያ ነውና።

2. ወረቀት፣ ወቅት፣ መንገድ

ልጁ የውጭ ፓስፖርት ካለው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ማውጣት ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረን ሰው ይመለከታል፤ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ይዞት የሚሄድ ከሆነ ሌላው መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍ።

እኔ ጥርን እመርጣለሁ። ዝናብ የለም፣ ዐቢይ ፆም አልገባም፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ፈረስ የሚወድ ልጅ ደስታውን አይችለውም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቀትሩ ፀሐይ ግን ይለበልባል። ሹራብም ባርኔጣም ያዙ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አገር ቤት ያሉትን ጠይቁ፤ «አሁን አትምጡ» ካሉ ስሟቸው። አያቶቹ ደኅና ቀን አይተው አዲስ አበባ ቢመጡም መገናኘት ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጁን ከዚያ በፊት ብዙ አታብሉት፤ ጆሮው እንዳይደፈን ሲወርድና ሲወጣ ውሃ እየተጎነጨ ይሂድ። የልጅ መቀመጫውን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የኮንትራት መኪና ላይ አታገኙትም።

3. ሐኪም

የኩፍኝ ክትባቱ መሟላቱን አረጋግጡ። በባሕር ዳር የምታልፉ ከሆነ ስለ ወባ ጠይቁ፣ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ተቅማጥ ሲይዘው የሚጠጣው ኦ አር ኤስ አይጥፋ፤ አገር ቤት የሚሸጠው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል።

4. እምቢ የሚባለውን ቀድማችሁ ተናገሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚቀያየመው። እምቢታውን የሚናገረው ጎጃሜው ወላጅ፣ የቤቱ ልጅ ይሁን፤ ባዕድ ምራት ወይም አማች ከተናገረው «ናቀን» ይባላል። ደግሞም በስልክ፣ ገና ሳትነሱ ይነገር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ባለበት እናትን መቃወም ማዋረድ ነው።

እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ፈጽሞ አይሆንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። የጎጃም ማር ምን ቢጣፍጥ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል። ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣ። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ጀበናው መሬት ላይ ናቸው፤ ድክ ድክ የሚል ልጅ ደግሞ እሳት ለምዶ አያውቅም። አንድ ሰው እሱን ብቻ እንዲጠብቅ መድቡ። «እሳት» እና «ተው» ቀድመው ይግቡት ማለቴ ለዚህ ነው።

«ክርስትና ተነሥቷል?» መባሉ አይቀርም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን በሚጠመቅበት አገር ይህ ጥያቄ የፍቅር ነው። ባልና ሚስት መልሱን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ አያቱ ፊት እንዳትከራከሩ።

5. የቀረውን ለአያቱ ተዉት

አናቱን ለጋ ቅቤ ቢቀቡት፣ ቁንጮ ቢያስተዉለት፣ ገንፎ ቢያጎርሱት፣ አዝለው ቢዞሩ ደስ ይበላችሁ። ለቡዳ ብለው አንገቱ ላይ ክር ካሰሩለት ሲተኛ ብቻ አውልቁለት። ረቡዕና ዓርብ የአያቱን የፆም ዕቃ ወተት እንዳታስነኩባቸው ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይኑረው፤ ይህን ስታደርጉ ሲያዩ እንዴት እንደሚመርቋችሁ!

ጥቅልል ፀጉሩን ሁሉም መንካት ይፈልጋል፣ መንገድ ላይም ልጆች «ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። ክፋት የለበትም፤ ለልጁ ግን ይበዛበታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከግቢ አታውጡት፣ እንግዳውንም ከአያቱ ጭን ላይ ሆኖ ይቀበል። መሳም ካልፈለገ አታስገድዱት፤ እጅ ነሥቶ ሰላም ማለትን አስተምሩት፣ ሽማግሌው ሁሉ ይደሰትበታል። ውጭ ሲጠሩት አያቱ «የኔ ልጅ ነው» ብለው ይመልሱለት፤ የሰፈሩ ልጆች ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ፀጉሩ አቧራ ሲይዝ ደረቁን አታበጥሩት፤ አርጥባችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ሂዱ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ልጁን ካተኮሰው ወባ ካለበት አገር መምጣታችሁን ለሐኪሙ ነግራችሁ ደሙን ዛሬውኑ አስመርምሩ።