አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ የሚፈስ ደም እንዴት ይቆማል?

የመኪና አደጋ ደርሶ ሰው ሲሰበሰብ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ «ኧረ አምቡላንስ ጥሩ!» እያለ ይጮኻል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ እናቶች ደረታቸውን ይመታሉ፣ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ የተጎዳውን እጅና እግሩን ይዘው ወደ ባጃጅ ሊያስገቡት ይታገላሉ። ሁሉም የሚችለውን ለማድረግ ነው የሚሯሯጠው። ደሙን የያዘለት ግን የለም።

አንድ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ወደ 5 ሊትር ገደማ ነው። ታፋው ላይ ያለው ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በነዚያ ደቂቃዎች ሐኪም አይደርስም፣ አዲስ አበባ መሃልም ብትሆኑ አይደርስም። የሚደርሰው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው፤ የሱቁ ልጅ፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ እናንተ። ለዚህ ነጭ ጋዋን አያስፈልግም። ሁለት እጅና አንድ ነጠላ ብዙ ሥራ ይሠራሉ።

መጀመሪያ መንገዱን ዝጉ

ሮጣችሁ ተጎጂው ላይ ከመደፋታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። በተለይ ከከተማ ውጭ፣ ጠመዝማዛ ላይ፣ ሁለተኛ መኪና መጥቶ ረዳቱንም ተረጂውንም የሚጠርግበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው ከኩርባው ወዲያ ማዶ ድረስ ሄዶ መኪና ያስቁም፣ ቅጠል ይነስንስ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ ያስቀምጥ። የተጋጨው መኪና ሞተር ይጥፋ። ነዳጅ የሚፈስ ከሆነ አጠገቡ ሲጋራ የለም፣ ክብሪት የለም።

ስልክ ሲደወል ደግሞ «ሰዎች፣ ደውሉ እንጂ!» አይባልም። እንዲህ ከተባለ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። በጣት ጠቁሙ፦ «አንተ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ 907 ደውልና ምን እንዳሉህ ንገረኝ።» 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን አለ፣ ፖሊስ 991። ውጭ ያላችሁ ያላችሁበትን አገር ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። አረብ አገር ያለች እህት ካለቻችሁ ይህን ቁጥር ላኩላት።

ደሙ የሚመጣበትን ፈልጉ

አብዛኛው ቁስል አስፈሪ ይመስላል እንጂ አይገድልም። የሚገድለውን ለይታችሁ ማወቅ አለባችሁ። ደሙ ፊን እያለ የሚወጣ ከሆነ፣ መሬት ላይ እየተጠራቀመ ከሆነ፣ ልብሱን አርሶ አሁንም የማይቆም ከሆነ፣ እጅ ወይም እግር ተቆርጦ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ደም እየፈሰሰው መቀባጠርና መደንዘዝ ከጀመረ ጊዜ የለም።

ልብሱን ቅደዱ ወይም ቁረጡ። ጥቁር ሱሪና ወፍራም ጃኬት ደም ይደብቃሉ፣ ጋቢማ ምን ያህል እንደመጠጠ ሳይታወቅ ብዙ ይመጥጣል። እጃችሁን ከጀርባው ስር፣ ከብብቱ፣ ከታፋው ስር እያስገባችሁ መዳፋችሁን እዩ። እጃችሁ ላይ ጓንት ከሌለ ፌስታል አጥልቁ። ደም ከነካችሁ በኋላ በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ ደሙ ክፍት ቁስላችሁ ወይም ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣችኋል።

ተጫኑ፣ አትልቀቁ

ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጉና በሁለት እጃችሁ ተጫኑ። አጫጫኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በጣት መነካካት አይደለም፤ ተንበርክካችሁ፣ ክርናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ የሰውነታችሁን ክብደት ታስተላልፋላችሁ። ተጎጂው ያመዋል፣ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ አውቃለሁ ያማል፣ ደሙን ይዤልህ ነው፣ አልለቅህም» በሉት፤ እጃችሁ ግን አይላላ።

«ቆሟል እንዴ?» እያላችሁ ጨርቁን ገለጥ አታድርጉ። ደሙ መርጋት የጀመረው ስትገልጡት ይነሳል፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቢያንስ 10 ደቂቃ በሰዓት ያዙ። ጨርቁ ከራሰ አታውጡት፣ ከላዩ ሌላ ጨምሩና ይበልጥ ተጫኑ።

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይ ብሽሽት፣ ብብት ወይም ትከሻ ላይ ከሆነ፣ ከላይ መጫን ብቻ አይበቃም። ጨርቁን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። የነጠላውን ጫፍ ይዛችሁ ደሙ ወደሚመነጭበት ጥግ በጣታችሁ አስገቡ፣ ጣታችሁን ሳታነሱ በሌላው ጣት ቀጣዩን እጥፋት አስገቡ፣ እንዲህ እያላችሁ ቁስሉ ጥቅጥቅ ብሎ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ በላዩ ላይ መጫን። «ጨርቁ ንጹህ አይደለም» የሚለው ጭንቀት ይገባኛል፤ ንጹህ ካለ ንጹሁን ተጠቀሙ፣ ከሌለ ያለውን። ኢንፌክሽን ሐኪም ነገ ያክመዋል፣ ያለቀ ደም ግን የተጎጂውን ነገ ራሱ ይወስዳል።

ደረትና ሆድ ውስጥ ጨርቅ አይጠቀጠቅም። እነዚያ ውስጥ ለውስጥ የሚደሙ ናቸው፣ መፍትሔያቸው ቀዶ ሕክምና ነው፣ የእናንተ ሥራ በፍጥነት ማድረስ ነው። የተሰካ ብረት፣ መስታወት ወይም ቢላ ካለም አትንቀሉት። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉ።

እጅና እግር ላይ ካልቆመ እሰሩ

ለእጅና ለእግር ሌላ መንገድ አለ፣ ቱርኒኬት የሚባለው ማሰሪያ። ድሮ «እግር ያስቆርጣል» እየተባለ ይፈራ ነበር። የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ያሳዩት ግን በጊዜው የታሰረ ቱርኒኬት የብዙ ወታደር ሕይወት ማትረፉን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ሐኪሞች ተሰብስበው ይህን እውቀት ለተራው ሰው እናውርደው አሉ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. «ስቶፕ ዘ ብሊድ» (ደሙን አቁሙ) የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ይህን አጭር ሥልጠና ብዙ ቦታ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ድረስ መጥተው እንዲያሠለጥኑ ጠይቁ።

አገር ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቱርኒኬት በየሱቁ ስለማይገኝ ከሻሽ ወይም ከነጠላ እንሥራው። ጨርቁን አራት አምስት ሳንቲሜትር ስፋት እስኪኖረው እጠፉ። ገመድ፣ ሽቦ ወይም የጫማ ክር አይሆንም፣ ቆዳና ነርቭ ይቆርጣል። ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ አራት ጣት ያህል ርቃችሁ አዙራችሁ ቋጥሩ። ጉልበት ወይም ክርን ላይ አይታሰርም፤ ቁስሉ እዚያ አጠገብ ከሆነ ከመገጣጠሚያው በላይ ውጡ። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት ወይም የመኪና መፍቻ አስቀምጡ፣ በላዩ ቋጥሩ፣ ከዚያ ጠምዝዙ። ደሙ ቀጥ እስኪል ጠምዝዙ። ግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ከምንም ይብሳል፣ ምክንያቱም ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ብቻ ዘግቶ ከልብ የሚመጣውን ያሳልፋል፣ መድማቱም ይብሳል። እንጨቱ ተመልሶ እንዳይፈታ በሌላ ጨርቅ እሰሩት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ የሚፈታው ሐኪም ብቻ ነው። መንገድ ላይ «ትንሽ ደም ይለፍበት» ብሎ የሚያላላ ዘመድ አይጠፋም። አታስነኩ። ሁለት ሰዓት ከማለፉ በፊት ሐኪም ቤት መድረስ ነው ግቡ።

ውሃና ቡና

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ውሃ ይጠምዋል፣ «ውሃ፣ ውሃ» ይላል፣ መከልከል ጭካኔ ይመስላል። አትስጡት። ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል፣ ለቀዶ ሕክምና ሲተኛም አደጋ ነው። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርሱለት፣ ይበቃል።

የቡና ዱቄት፣ አፈር፣ ናፍጣ ቁስል ላይ መነስነስና ማፍሰስ ይቅር። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፣ የፈሳሹን ላይኛ ክፍል መጠጠ እንጂ ከስር የተቆረጠው የደም ሥር አልተዘጋም፤ ሐኪሙ ደግሞ ቁስሉን ከማከሙ በፊት ያንን ሲያጥብ ይውላል። ራሱን የሳተን ሰው ክብሪት ወይም ሽንኩርት ማሽተትም አይረዳም። የሚተነፍስ ከሆነ አፉ ውስጥ ያለው ደምና ትውከት እንዲፈስ በጥንቃቄ፣ ጭንቅላቱንና ወገቡን አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ ጎን አዙሩት።

ደም የጎደለው ሰው ይበርደዋል፣ የበረደው ሰው ደሙ አይረጋም። ስለዚህ ጋቢ፣ ጃኬት፣ የመኪና ምንጣፍ፣ ከላይም ከስርም። ከቀዝቃዛ አስፋልት የሚነሳውን ብርድ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አምቡላንስ አልመጣ ብሎ ራሳችሁ ከወሰዳችሁት ባጃጅ ውስጥ አጣጥፋችሁ አታስገቡት። ሳንቃ፣ በር ወይም ጠንካራ ብርድ ልብስ ላይ አራት አምስት ሆናችሁ በአንድ ቃል አንሱት፣ አንዱ ጭንቅላቱን ብቻ ይያዝ፣ ሚኒባስ ወለል ወይም ፒክአፕ ላይ አጋድሙት። ቁስሉን የሚጫነው ሰው አብሮ ይሳፈር። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የጳውሎስ ሆስፒታል አካል የሆነው አቤት ሆስፒታል የአደጋ ተጎጂዎችን ነው በዋናነት የሚያክመው።

እድራችሁ ላይ ተለማመዱት

ይህን አንብቦ መተው አይበቃም፣ በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚያስታውሰው የተለማመደውን ነው። የእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ጠይቁ። ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቁረጡ፣ መሃሉን በቢላ ቦርቡሩት፣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ነጠላ ይጠቅጥቅበት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዱ የሌላው ክንድ ላይ ማሰሪያ ይሥራ፤ የእጅ አንጓው ትርታ ሲጠፋ ትክክል ታስሯል ማለት ነው፣ ወዲያው ፍቱት። ሹፌሮችን፣ የሚኒባስ ረዳቶችን፣ የግንባታ ሠራተኞችን ቅድሚያ ስጡ። ከዚህ በላይ ከፈለጋችሁ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፣ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለመኪናችሁ ደግሞ አንድ ቦርሳ አዘጋጁ፦ አራት አምስት ጥቅል ጎዝ፣ ሰፊ ፋሻ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ መቀስ፣ ታጥፎ የተሰፋ ጨርቅና ልኩ የሆነ እንጨት፣ እስክሪብቶ። ከኋላ ኮፈን ውስጥ አትክተቱት፣ መኪናው ከኋላ ከተመታ አይከፈትም። ከፊት ወንበር ስር ይሁን፣ ቤተሰቡም ሁሉ ቦታውን ይወቅ።