ቴፕ ድራይቭ ሲንቀራፈፍ፦ በአሮጌ ዎርክስቴሽን ንባብን የሚያዘገዩ ነገሮች

ቴፕ ድራይቭ፣ ማለትም የኮምፒውተር መረጃ ካሴት ማንበቢያው፣ ኬብሉ መሰካቱን፣ የስካዚ (ድራይቮችን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መስመር) ቁጥሩ ከሌላ ዕቃ ጋር አለመጋጨቱን፣ ካሴቱም ድራይቩ የሚያነበው ዓይነት መሆኑን አጣርታችኋል ብለን እንለፍ። ልኩንም እወቁ፦ ዲዲኤስ-1 የሚባለው የቴፕ ዓይነት ጤነኛ ሆኖም በሰከንድ 183 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚያነበው፤ ዲኤልቲ 4000 የሚባለው ደግሞ 1.5 ሜጋባይት። እዚህ አካባቢ ከሆናችሁ የሚጠገን ነገር የለም፣ ጠብቁ።

ምልክት፦ ቴፑ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይነሳል

አብዛኛው «ቀርፋፋ ድራይቭ» ይኸው ነው። ጆሯችሁን አስጠጉ። ጤነኛ ንባብ አንድ ወጥ ድምፅ አለው፤ ይሄኛው ግን ትንሽ ይሄድና ቀጭ ይላል፣ አጭር የመጠቅለል ድምፅ ይከተላል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

ጥፋቱ የድራይቩ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ነው። የድራይቩ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ ሚሞሪ) ትንሽ ስለሆነ የተነበበው ቶሎ ካልተወሰደለት ይሞላል፣ ቴፑም ይቆማል። በፍጥነት ላይ ያለ ቴፕ ግን ባለበት ቀጥ አይልም፣ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ወደኋላ ተመልሶ፣ መንደርደሪያ ወስዶ፣ ፍጥነቱን ይዞ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ምልልሱ ጊዜ ይበላል፤ ቴፑንም ሄዱንም (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ይፈጃል።

ዋናው መንስኤ ከቴፕ በቀጥታ በታር (ብዙ ፋይሎችን በአንድ የሚያስርና የሚፈታ ፕሮግራም) መፍታት ነው። ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ያሉበትን የሶርስ ኮድ ቴፕ አስቡ። አሮጌው የዩኒክስ ፋይል ሲስተም አዲስ ፋይል በተፈጠረ ቁጥር የዳይሬክተሪው መረጃ ዲስክ ላይ እስኪጻፍ ታርን ያስጠብቃል፤ ቴፑም አብሮ ይጠብቃል። የሚፈታው በኤንኤፍኤስ (የሌላ ማሽን ዲስክ በኔትወርክ መጠቀሚያ) በተገናኘ ዲስክ ላይ ከሆነማ አይነሳ፤ በኤንኤፍኤስ ሥሪት 2 ሰርቨሩ የተላከለትን ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ መልስ አይሰጥም። እንዲህ ያለውን ድራይቭ «ሞቷል» ብለው የሚጥሉ አሉ፤ የተተካውም ያንኑ ሲያደርግ ይገርማቸዋል።

መፍትሄው መጀመሪያ ቴፑን ባለበት መልክ በዲዲ (መረጃን እንዳለ የሚቀዳ ትእዛዝ) ወደ አንድ ትልቅ ፋይል መቅዳት፣ ከዚያ ፋይሉን መፍታት ነው። የሚቀዳው እዚያው ማሽን ውስጥ ባለ ዲስክ ላይ ይሁን። ከምንም በፊት ካሴቱ ላይ እንዳይጻፍበት የመጻፊያ መከልከያውን አብሩ።

መረጃው ቴፑ ላይ በብሎክ በብሎክ ተከፋፍሎ ነው የሚጻፈው። የብሎኩን መጠን ለማወቅ፣ በሊኑክስ በኤምቲ (የቴፕ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ) የድራይቩን የብሎክ መጠን 0 አድርጉ፤ ተለዋዋጭ ማለት ነው። በዲዲ የብሎክ መጠን 256 ኪሎባይት ሰጥታችሁ አንድ ብሎክ ብቻ አንብቡ። የወጣው ፋይል መጠን የቴፑ ብሎክ ነው፤ 10240 ባይት ከሆነ በታር ነባሪ መጠን የተጻፈ ነው። ቴፑን ወደ መጀመሪያው መልሱ፤ ይህን የረሳ የመጀመሪያውን ብሎክ ያጣል። ከዚያ በዚያው መጠን ቅዱ። ከብሎኩ ያነሰ መጠን ከሰጣችሁ ሊኑክስ «ሚሞሪ መመደብ አልተቻለም» ይላል፤ ሚሞሪ ለመግዛት አትሩጡ። ኪውአይሲ (ሌላ የአሮጌ ካሴት ዓይነት) ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሎኩ 512 ባይት ላይ የተቆለፈ ስለሆነ እንዳለ ተዉትና በአንድ ጊዜ 64 ኪሎባይት ጠይቁ።

ቴፑ ላይ ብዙ ፋይል ካለ ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ቴፑን በራሱ ወደ መጀመሪያው የማያጠነጥነውን የድራይቭ ስም ተጠቀሙ፤ በሊኑክስ ኤንኤስቲ0 ነው። አለበለዚያ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ፋይል ነው የምትቀዱት።

ዲስኩ ካልበቃ ኤምበፈር (ሚሞሪ ውስጥ ትልቅ በፈር የሚሠራ ፕሮግራም) በቴፑና በታር መሃል ይግባ፣ በፈሩ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ብቻ ማንበብ እንዲጀምር አድርጋችሁ። ቴፑ ይቆማል፣ ግን በመከራ አንዴ። 32 ሜጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ 64 ሜጋባይት በፈር መስጠት ግን ስዋፕ (ሚሞሪ ሲያልቅ ዲስክን እንደ ሚሞሪ መጠቀም) መጋበዝ ነው፤ 8 ይበቃል።

ምልክት፦ ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) ውስጥ የስካዚ ሪሴት (መስመሩ እንደ አዲስ መጀመሩ)

እዚህ የሚፈተሸው መስመሩ ነው። ተርሚኔተር (የስካዚ መስመር ጫፍ ማብቂያ) ሁለት ብቻ ነው፣ በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች። መሃል ያለ ድራይቭ ተርሚኔተሩን የሚያበራው ጀምፐር (ትንሽ መሰኪያ) ሳይነቀል ሦስተኛ ሲሆን ደጋግሞ ይገጥማል። የኬብሉ ጠቅላላ ርዝመት፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ጭምር፣ በዝግተኛው ስካዚ ከ6 ሜትር፣ በፋስት ስካዚ ከ3 ሜትር አይለፍ። ርካሽ ፓሲቭ ተርሚኔተር ጣሉና አክቲቭ አድርጉ።

ምልክት፦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይዘገያል

ቴፑ ተጎድቷል፤ ድራይቩ እየደጋገመ እያነበበ ነው። ሁሉም ካሴት ላይ ከሆነ ሄዱ ቆሽሿል፦ የጽዳት ካሴት አስገቡ። ያለቀ የጽዳት ካሴት አጠንጥኖ መልሶ መጠቀም ቆሻሻውን መልሶ መቀባት ነው። በዲዲኤስ የሚሽከረከር ሄድ ላይ የጆሮ ጥጥ እንዳታስጠጉ፤ ይሰበራል።

ምልክት፦ ኪውአይሲ ድራይቭ ይንሸራተታል

ካሴት ከማስገባታችሁ በፊት የድራይቩን የጎማ ሮለር በጥፍር ጫን በሉት። ጎማው ከዕድሜ ብዛት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ምልክት ከያዘ ወይም ከተጣበቀ ካሴት አታስገቡ። የቀለጠውን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ የውጭ ስፋቱ እኩል የሆነ የጎማ ቱቦ ቆርጣችሁ አልብሱት፤ ስፋቱ ከተለየ ቴፑ የሚሄድበት ፍጥነትም ይለያል። ካሴቱ ውስጥ ያለው ቀበቶም ይበጠሳልና ሳታዩ አታስገቡ። ከዚያ በኤምቲ ሪቴንሽን (የቴፑን ውጥረት ማስተካከያ) ቴፑን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ካስኬዳችሁ በኋላ ንባቡን ጀምሩ።