ስፒከር የሚፈተንበትን ሙዚቃ እንዴት እንመርጣለን?

ደሴ ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብተው ስፒከር ልግዛ ቢሉ ሻጩ የሚያደርገው የታወቀ ነው። የራሱን ፍላሽ ይሰካል፤ የመደርደሪያው መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ቤዙን ይለቀዋል፤ ከዚያ "እንዴት ነው?" ብሎ ፊትዎን ያያል። በዚያች ደቂቃ "አልወደድኩትም" ለማለት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ያ ፍላሽ የተመረጠው ስፒከሩን ለማሳመር እንጂ ነውሩን ለማውጣት አይደለም። ሻጩን አልወቅስም፤ ሥራው መሸጥ ነው። ነውር መፈለግ የገዢው ድርሻ ስለሆነ የራስዎን ፍላሽ አዘጋጅተው ይሂዱ።

ፍላሹን ሲያዘጋጁ ዋናው ነገር ድምፃቸውን በአካል የሚያውቋቸውን መሣሪያዎች መምረጥ ነው። በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ምት መፈተኛ አይሆንም። ትክክለኛው ድምፁ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ያቀናበረው ሰው ብቻ ነው፤ ስፒከሩ ቤዙን በእጥፍ ቢጨምርበት እርስዎ በምን ያውቃሉ? ከበሮ ግን ሌላ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ከበሮን በጥምቀት በቅርብ ርቀት ሰምቶታል፤ መንዙማ ሲባል ድቤውንና ጭብጨባውን ያውቃል፤ መሲንቆም ያለ ማይክራፎን ሲመታ ሰምቷል። መስፈሪያው በጆሮው ውስጥ አለ፤ የሚቀረው ከዚያ ጋር የሚመዛዘን ቅጂ ማግኘት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ማጣራት

ስልካችን ላይ ያለው አብዛኛው ዘፈን በቴሌግራም ከሰው ሰው የዞረ ወይም ከቪዲዮ የተገለበጠ ነው። በየደረሰበት በተጨመቀ ቁጥር ከድምፁ የሆነ ነገር ይቀነስበታል። ቀላሉ ማጣሪያ የፋይሉን መጠን ማየት ነው። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከተጨመቀ ወደ 5 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ320 ከሆነ 12 ሜጋባይት አካባቢ፤ ከሲዲ ሳይጨመቅ ከተቀዳ ደግሞ ወደ 53 ሜጋባይት ይደርሳል። ለፍተሻ ከ320 በታች የሆነውን አልጠቀምም።

መጠን ግን ብቻውን አያስተማምንም። የተጨመቀን ፋይል መልሶ ወደ ትልቅ ፋይል የሚቀይር ፕሮግራም ሞልቷል፤ አንዴ የጠፋውን ድምፅ የሚመልስ ግን የለም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ቁጭ ብለው በደህና የጆሮ ማዳመጫ እልልታ፣ ጭብጨባ ወይም ጸናጽል ያለበትን ቦታ ይስሙት። ክፉኛ በተጨመቀ ፋይል ላይ እልልታው ጥርት ማለቱን ትቶ ይሟሟል፤ ጭብጨባው የእጅ ድምፅ መሆኑ ይቀርና ሽው የሚል ነገር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፋይል ይዘው ሱቅ ከገቡ የፋይሉን ጥፋት በስፒከሩ ላይ ይለጥፋሉ። በሱቁም ውስጥ በብሉቱዝ አያጫውቱ፤ ብሉቱዝ ራሱ ድምፁን እንደገና ይጨምቀዋል። ፍላሽ ወይም ገመድ ይሻላል።

ምን ምን ይጫን?

አምስት ወይም ስድስት ዘፈን ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጭን ሰው ማዳመጥ ትቶ መዝናናት ይጀምራል።

የመጀመሪያው የሰው ድምፅ ይሁን፤ አጃቢው ክራር ወይም መሲንቆ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። አንድ የወንድና አንድ የሴት ይያዙ። ለሴቷ እኔ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እይዛለሁ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ሲወጣ ደካማው ስፒከር ወዲያው መጮህ ይጀምራል። የወንዱ ደግሞ የሳጥኑን ጥራት ያሳያል፤ ሳጥኑ በቀጭን እንጨት ከተሠራ ዘፋኙ ጋን ውስጥ አንገቱን አስገብቶ የሚያዜም ይመስላል። ግጥሙንም ይከታተሉ። ሰ እና ጸ ጆሮ የሚወጉ ከሆነ የቀጭኑ ድምፅ መጠን በዝቷል ማለት ነው። ጠ፣ ቀ እና ጨ በጉሮሮ ተፈንጥረው መውጣት ሲገባቸው ደንዘዝ ካሉ፣ ጠ ከተ ጋር ለመለየት ካስቸገረ፣ ስፒከሩ ፈጣኑን ድምፅ መከተል አቅቶታል።

ሁለተኛው በገና ነው። የዓለሙ አጋን ቅጂዎች ማግኘት አይከብድም። በገና አሥር አውታር አለው፤ ነዛሪ ድምፁን የሚሰጠው በአውታሩና በድጋፉ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። እያንዳንዱ ምት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ከታች ወፍራሙን፣ ከላይ ንዝረቱን። ቤዙ ለብቻው በትልቅ ሳጥን፣ ቀሪው በሁለት ትንንሽ ሳጥኖች የሚወጣበት ስፒከር የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። የሳጥኖቹ ድምፅ በደንብ ካልተጋጠመ ወፍራሙ ከጠረጴዛው ሥር፣ ንዝረቱ ከጠረጴዛው ላይ ይመጣል፤ አንድ በገና ሁለት መሣሪያ ይሆናል። ይህን ሳጫውት አንድ ወጣት ሻጭ "ጋሼ፣ ጾም ገባ እንዴ? የሚያስጨፍር ልክፈትልዎ" ብሎኛል። ይበል። ለጭፈራ የማይሆን ስፒከር እስካሁን አላየሁም፤ በገናን አንድ አድርጎ የሚያወጣ ግን ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ድቤና ጭብጨባ ያለው መንዙማ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የእጆቹ ብዛት ነው። ሃምሳ ሰው አብሮ ሲያጨበጭብ ሃምሳው እኩል አያርፍም፤ የቀደመ አለ፣ የዘገየ አለ፣ ከፊት ያለ አለ፣ ከኋላ ያለ አለ። ጥሩ ስፒከር ይህን መበታተን ያሰማል። መናኛው ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ የአንድ ግዙፍ ሰው ጭብጨባ ያደርገዋል።

ከዚያ ፒያኖ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብቸኛ ፒያኖ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው፤ በድምፆቹ መካከል ሰፊ ዝምታ አለና አንዱ ቁልፍ ተመትቶ እስኪጠፋ ድረስ መከተል ይቻላል። ድምፁ ቀስ ብሎ መሳሳት አለበት። በድንገት የሚቆረጥ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ ያለ ምክንያት ከገነነ፣ ይለፉት።

የቤዝ ጊታሩ መጨረሻ ይምጣ። ቤዝ ጊታሩ ዝም ብሎ የሚደልቅበትን ዘፈን ሳይሆን ከታች ወደ ላይ እየተራመደ የሚሄድበትን ይምረጡ፤ በችክችካ ምት የተሠሩ የባንድ ዘፈኖች ላይ ይህ ሞልቷል። የጊታሩ የመጨረሻ ወፍራም ክር ወደ 41 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይነዝራል ማለት ነው። ትንሽ ሳጥን እዚያ አይደርስም፤ ባይደርስም ነውር የለበትም። ነውሩ የደረሰ ለመምሰል አንዱን ኖታ ማግነን ነው። ኖታዎቹን በአፍዎ አብረው ማዜም ከቻሉ ጥሩ፤ ሁሉም ዱም፣ ዱም ብቻ ከሆኑ ያ ቤዝ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ለማስገረም ነው።

የድሮ ሸክላ ትልቁ ጥቅም

ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈልገው እሱን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሸክላ ከታተሙት የአማርኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ማለትም በግራና በቀኝ የሚወጣው ድምፅ ፍጹም አንድ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ጥንድ ስፒከር ለመፈተን ግን የሚስተካከለው የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ስፒከሮች ሁለት ሜትር ያህል አራርቀው ያስቀምጡ፤ እርስዎም ከሁለቱም በእኩል ርቀት፣ እንዲሁ በሁለት ሜትር፣ ፊት ለፊታቸው ይቀመጡ። የሞኖውን ዘፈን ይክፈቱና ዓይንዎን ይጨፍኑ። ዘፋኙ በሁለቱ መካከል፣ ምንም ሳጥን በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ መሰማት አለበት። በጣትዎ ሊያመለክቱት እስኪችሉ ድረስ ጠባብ ሆኖ ከተሰማ ጥንዱ ተስማምቷል። ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ በመጀመሪያ የግራና ቀኝ ማመጣጠኛውን ይዩ፤ እሱ መሐል ላይ ከሆነ የስፒከሮቹን ቦታ ያለዋውጡ። ማዘንበሉ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ከዞረ ስፒከሩ ታሟል። በነበረበት ጎን ከቀረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከክፍሉ ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ ሰውን የሚያሳስት ነው። ዘፋኙ መሐልም አይደለም፣ ጎንም አይደለም፤ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ድምፁ ሰፋ ብሎ ጭንቅላትዎን ይከባል፣ ቤዙም ሳስቷል። ሰፊ ስለሆነ አንዳንዱ "እንዴት ያምራል" ይላል። በእውነቱ የአንዱ ስፒከር ገመድ ተገልብጧል፤ ቀዩ በጥቁሩ፣ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ ገብቷል። አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ዘመዴ በዚህ ምክንያት "ቤዝ የለውም" ብሎ ተጨማሪ የቤዝ ሳጥን ገዝቷል። ሳጥኑ ከመጣ በኋላ የአንዱን ስፒከር ገመድ ስንገለብጠው ጠፋ የተባለው ቤዝ ተመለሰ፤ አዲሱ ሳጥን አሁን የአበባ ማስቀመጫ ነው። ሲያስተካክሉ አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፤ የሚገለበጠውም የአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን ከገለበጧቸው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

የድሮ ቅጂ ካላገኙ በብዙ ስልኮች ላይ የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ "ሞኖ ድምፅ" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ሲያበሩ ማንኛውም ዘፈን ሞኖ ይሆናል። አንድ ሳጥን ብቻ ያለው የብሉቱዝ ስፒከር የሚገዛ ሰው ይህን ክፍል ቢያልፈው አይጎዳም።

ሱቅ ውስጥ

ኢኳላይዘሩን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን) እና "ሜጋ ቤዝ" የሚል ነገር ካለ እሱንም ያስጠፉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን በሺህ የሚቆጠር ዋት አይመኑ፤ ፒኤምፒኦ በሚል የሚጻፈው ቁጥር ስለ ስፒከሩ ምንም አይነግርዎም። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚችለውን ኃይል የሚገልጸውን ቁጥር ይፈልጉ።

ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ። ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን "የተሻለ ነው" ብሎ ይፈርዳል፤ ሻጩ ውዱን ሲከፍት እጁ ወደ ድምፅ መጨመሪያው የሚሄደው በከንቱ አይደለም። በስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕሊኬሽን ጭነው ከሁለቱም በአንድ ርቀት ቢለኩ ይበቃል፤ ስልኩ ትክክለኛውን ቁጥር ባይሰጥም ማወዳደር ያስችላል። ከዚያ ዝቅ አድርገው ደግመው ይስሙ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን ከመሐለኛው ድምፅ ይበልጥ እየሳተው ይሄዳል፤ ይህን ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 (እ.ኤ.አ.) በልኬት አሳይተዋል። በሱቁ ጩኸት ግሩም የነበረ ስፒከር ማታ ልጆች ተኝተው ሲከፈት ባዶ የሚሆነው አንድም በዚህ ነው። ቤትዎ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሰሙ እርስዎ ያውቃሉ፤ በዚያው ይፈትኑት።

ቤት ከገባ በኋላ

ከመክፈልዎ በፊት ለሁለትና ለሦስት ቀን መመለስ እንደሚቻል ይስማሙ። ሻጩ ያንገራግራል፤ ቢሆንም ይጠይቁ። ክፍል ስፒከርን ይለውጠዋልና። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ ያስተጋባል፤ ይህም ከቤዝ ጊታሩ የታችኛው ክር ጋር ጎረቤት ነው። ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ ሲወትፉት ደግሞ ይብስበታል። ያንኑ የቤዝ ጊታር ዘፈን ይክፈቱና ስፒከሩን ከግድግዳው እያራቁ፣ ኖታዎቹ እስኪለያዩ ድረስ ቦታ ይፈልጉለት። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጭብጨባው ይንጫጫል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ብዙ ያስታግሱታል።

በመጨረሻ ፍተሻውን ይተዉና አንድ ሰዓት ሙሉ የሚወዱትን ይስሙ። ምንም ጉድለት ሳያገኙበት እጅዎ ድምፁን ለመቀነስ ደጋግሞ ከሄደ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮዎን እያደከመው ነው። ትሪብሉን አንድ ሁለት ነጥብ ቀንሰው ይሞክሩ፤ ካልተሻለ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ካርቶኑን ከነፎሙ ይዘው ይሂዱ።