ቫከን፦ ሄቪ ሜታል ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ

ፌስቲቫል ላይ ጀማሪን ቀድሞ የሚጥለው እግሩ ነው፤ ቀጥሎ እንቅልፉ፣ ከዚያ ጆሮው። ሙዚቃው ማንንም አይጥልም። ስለዚህ እዚህ ስለ ባንዶች ትንሽ፣ ስለ ጭቃ ብዙ እናወራለን።

ቫከን በሰሜን ጀርመን፣ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የገጠር መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ቶማስ የንሰንና ሆልገር ሁብነር ጠጠር በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ 800 ያህል ሰው ሰብስበው ፌስቲቫሉን ጀመሩት፤ ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይገባበታል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ ሲያልቅ፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ይካሄዳል። የመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የነሐስ ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጫወታል፤ ነዋሪው ደግሞ ግቢው በር ላይ ቡናና ቁርስ ይሸጣል።

ትኬትና ቪዛ

ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው ያለፈው ዝግጅት በተጠናቀቀ ማግስት ነው። የ2024ቱ ዋጋው 333 ዩሮ ነበር፣ በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ድንኳን የምትተክሉበት ቦታ ዋጋው ውስጥ ይካተታል። ያመለጠው ሰው የፌስቲቫሉን ይፋዊ መሸጫ ይከታተል እንጂ ፌስቡክ ላይ ካገኘው የማያውቀው ሰው አይግዛ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ችግሩ ትኬቱ ከቪዛው ብዙ ወራት ቀድሞ መገዛቱ ነው። ቪዛ ከተከለከላችሁ ትኬቱን እንዴት እንደምትመልሱ ወይም እንደምታስተላልፉ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እዚያው ካለው የጀርመን ቆንስላ ያመለክታል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም።

ሃምቡርግ ከደረሳችሁ በኋላ ለቫከን ቅርብ እስከሆነችው ኢትሰሆ ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ የፌስቲቫሉ አውቶቡስ ይወስዳችኋል። መኪና ጭነት ያቃልላል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሰምጠው እሱ ነው። በ2023 መሬቱ ከመጨቅየቱ የተነሳ አዘጋጆቹ ተጨማሪ ሰው እንዳይገባ አግደው ነበር፣ ትኬት ይዞ ገና ያልገባ ሰው ከመንገድ ተመለሰ።

ድንኳን፣ ጭቃና እግር

ቦታው በሌላ ጊዜ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነው። ሣሩ ሁለት ቀን ከተረገጠ በኋላ አንድ ጥሩ ዝናብ ይበቃዋል። ክረምትን በጭቃ ሰፈር ያሳለፈ ሰው ይኼ ብርቅ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ ጭቃው ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት መቆሙ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ያዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደጋግማችሁ ሂዱበት። አዲስ ቦቲ የመጀመሪያውን ቀን ተረከዝ ይልጣል፣ የተላጠ ተረከዝ ደግሞ እርጥብ ካልሲ ውስጥ አይድንም። ለአራት ቀን ስምንት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ይበቃል። አንዱን ጥንድ በፌስታል ቋጥራችሁ ለመኝታ ብቻ አስቀምጡት፣ ምንም ቢሆን ቀን እንዳትነኩት። ማታ እግራችሁን አድርቃችሁ ካልሲ ካልቀየራችሁ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይለሰልስና በሦስተኛው ቀን መሄድ ያቅታችኋል።

ድንኳን ስትተክሉ የመኪና ጎማ ያለፈበትን መስመር ሽሹ፤ ጎርፉ የሚወርደው በዚያ ነው። ትንሽም ቢሆን ከፍ ያለ መሬት ምረጡ፣ በሩን ንፋሱ ከሚመጣበት አዙሩ። ካስማውን ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱት፤ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን፣ አለዚያ ገመዱ ሲሳብ ከእርጥብ መሬት ይነቀላል። ከድንኳኑ ሥር የምታነጥፉት ሸራ ጠርዙ ከወለሉ ውጭ መታየት የለበትም። ከወጣ ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ቀጥታ ወደ ፍራሻችሁ ሥር ይመራዋል። ብዙ ሰው «ድንኳኔ ያፈሳል» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ስህተት ነው። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ሌሊት ቢራ ጠጥቶ የሚመለስ ጎረቤት እንዳይጠላለፍበት።

የጀርመን ሐምሌ በጋ ነው ብላችሁ በአለባበስ አትዘናጉ። የሰሜን ጀርመን ሌሊት በበጋም እስከ 12 ዲግሪና ከዚያ በታች ይወርዳል። ከብርድ ልብሱ ይልቅ የምትተኙበት ምንጣፍ ይበልጣል፤ ሙቀታችሁን የሚመጠው ከሥር ያለው መሬት ነው። ድንኳኑን እንደተከላችሁ ቦታውን ስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት። ማታ ሁሉም ድንኳን አንድ ይመስላል። የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ የዝናብ ልብስም አትርሱ። ጃንጥላ ተዉት፤ ከኋላ ያለውን ሰው ይጋርዳል፣ መግቢያ ላይም ይያዝባችኋል። የመስታወት ጠርሙስም እንዲሁ፣ ካምፑም ውስጥ አይገባም።

ሰዓቱን ማንበብ

ፕሮግራሙ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 20:00 ማለት ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። የበለጠ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው፦ ዓርብ ሥር የተጻፈ 01:30 ብዙውን ጊዜ ዓርብ ሌት ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። «ዓርብ» ብላችሁ ሐሙስ ሌሊት ብትሄዱ ሌላ ባንድ ታገኛላችሁ።

ፋስተርና ሃርደር የሚባሉት ሁለት ትልልቅ መድረኮች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል፤ በቆማችሁበት ብዙ ባንድ ታያላችሁ። ሁሉንም ለማየት መሮጥ የጀማሪ በሽታ ነው። በቀን ሦስት ባንድ ምረጡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ዘፈን ስሙ፤ የቀረውን ለአጋጣሚ ተዉት። የጃኖ ባንድ ጊታር የለመደ ጆሮ ዜማ ከሚበዛበት ከፓወር ሜታል ወይም ከክላሲክ ሄቪ ሜታል ቢጀምር ይቀለዋል፤ በጉሮሮ እየተጮኸ የሚዘፈነውን ዴዝ ሜታል ቀን ላይ፣ ሰው ሳይበዛ ሞክሩት። ከእራት በኋላ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ተኙ። ዋናዎቹ ባንዶች የሚወጡት ሲመሽ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትጠልቀው።

ጆሮ

85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ አስተማማኙ ጊዜ ስምንት ሰዓት ነው፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። አንድ ባንድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጫወታል፣ ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ የግድ ነው። ስፖንጁን ቀጭን እስኪሆን በጣታችሁ አሹት፤ በሌላው እጅ ከራስ በላይ አዙራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ከዚያ አስገብታችሁ እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ያህል ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ጥቅም የለውም። ሙዚቃው እንዳይታፈን የሚፈልግ ለሙዚቀኞች የተሠራውን ማጣሪያ ያለው ዓይነት ይግዛ።

ጥርት ያለውን ድምፅ የምታገኙት ከፊት አይደለም። ሳውንድ ማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው ሕዝቡ መሃል ካለው ማማ ሆኖ እሱ በሚሰማው ነው፤ ከዚያ ማማ ትንሽ ወደ መድረኩ ቀረብ ብላችሁ ቁሙ።

ግፊያው

ከመድረኩ ፊት መሃል ላይ ሰው ክብ ሠርቶ የሚገፋፋበት ቦታ ሞሽ ፒት ይባላል። ከውጭ ሲታይ ጠብ ይመስላል፣ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፦ የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሳል፣ ዙሪያው ያለው ሁሉ ቆሞ ያነሳዋል። መነጽር አውልቁ፣ የጫማ ክር ደብቃችሁ እሰሩ፣ ስልክ ዚፕ ባለው ኪስ ይሁን። ክንዳችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁ ፊት ያዙ፤ ክርን ማንሳትና መማታት ነውር ነው። ለመውጣት ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አትሂዱ፣ ፊት አጥር አለ። ሕዝቡ ድንገት ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዘፋኙ ምልክት ሲሰጥ ሁለቱ ወገን ሊሮጡና ሊላተሙ ነው። ካልፈለጋችሁ ያኔውኑ ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ሂዱ። ሰው በእጅ ላይ ተኝቶ ሲመጣባችሁ ሁለት እጃችሁን አንሱ፤ የሚጎዳው ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ነው፣ ቦቲ ማጅራቱን ይመታዋል።

ጠቋሚና ትንሿ ጣት የሚነሱበትን ምልክት አይታችሁ አትደንግጡ። ሜታል ውስጥ ያስለመደው ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው፤ ከጣሊያናዊት አያቱ እንዳየው ተናግሯል። አያቱ የምታደርገው ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ ነበር፣ እኛ ቡዳ ከምንለው መሆኑ ነው። አውራ ጣትን መሃል ጣቶቹ ላይ እጠፉት።

ምግብና ገንዘብ

ውስጥ የሚከፈለው በእጅ ማሰሪያው ቺፕ ነው፤ ቀድማችሁ ገንዘብ ሙሉበት። ለመንደሩ ግን ጥቂት ጥሬ ዩሮ ያዙ። ለቢራው ኩባያ የመያዣ ገንዘብ ስለሚከፈል ኩባያውን አትጣሉት፣ ስትመልሱት ብሩ ይመለሳል።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለካምፕ የተፈጠሩ ይመስላሉ፦ እሳት አይሹም፣ አይበላሹም። ጠዋት በሶ በጥብጦ የጠጣ እስከ ቀትር ወረፋ አይቆምም። ከኢትዮጵያ የምትመጡ ቅቤ የነካውን ጭኮና ቋንጣ ግን ተዉ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፕሮግራሙ ረቡዕንና ዓርብን ስለሚይዝ ጿሚ ቪጋን (ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት) የሚል ምልክት ያለበትን መሸጫ ይፈልግ፤ ድንች ጥብስ ሲገዛም ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳልሆነ ይጠይቅ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኝም።

እሁድ ጠዋት ሁሉም አብሮ ይወጣል። አውሮፕላናችሁን ለሰኞ ቁረጡ። ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በጥቂት ቀናት ሻጋታ ያወጣል፤ እንደደረሳችሁ ሻንጣውን ሳትፈቱ በፊት እሱን አስጡት።