የገና ሹራብና ስፌት ከቤተሰብ ጋር የሚጋጩበት ቦታ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ ያለ ቤት ታውቃላችሁ። የምግብ ጠረጴዛው በተቆራረጠ ጨርቅ ተይዟል፣ ሶፋው ላይ አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ ተጋድሟል፣ ወለሉ ላይ ስፒል አለ፣ ልጆቹ «ራት የት ነው የምንበላው?» እያሉ ነው። የሚሠራው ሰው መልስ ሁሌም «ጊዜ አጠረኝ» ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሰዓቱ ነበረ፤ የተሰጠው ለማይሆነው ሥራ ነው። ለሹራብ ሃያ ደቂቃ ደህና ጊዜ ነው። ለስፌት መኪና ግን ክር አስገብቶ ካውያ እስኪግል እንኳ አይበቃም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህች ነገር የሚወለዱ ናቸው።

(ኪሮሽ ስል ሹራብ የሚሠራባቸውን ሁለት ረጃጅም መርፌዎች ማለቴ ነው። በላያቸው የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ቀለበት ደግሞ ዓይን እላታለሁ።)

«ሹራብ እኮ ቶሎ ያልቃል»

አያልቅም። ሒሳቡን እንሥራው። በመካከለኛ ውፍረት ክር፣ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 20 ዓይንና 28 ረድፍ የሚወጣ ከሆነ፣ 10 በ10 የሆነች ቁራጭ 560 ዓይን ትበላለች። 20 በ150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻርፕ የዚያች 30 እጥፍ ነው፤ 16,800 ዓይን። በደቂቃ 20 ዓይን ለሚሠራ ሰው 14 ሰዓት ይፈጃል። ኮፍያ ዙሪያው 50፣ ቁመቱ 22 ቢሆን 5 ሰዓት ገደማ ነው። የአዋቂ ሹራብ ግን ደረቱ 100፣ ቁመቱ 60፣ ሁለቱ እጅጌዎች በአማካይ 30 በ45 ቢሆኑ ወደ 49,000 ዓይን ይጠጋል፤ 41 ሰዓት። አንገት ማውጣት፣ ማጋጠምና የክር ጫፍ መደበቅ 5 ሰዓት ቢጨምር 46። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው ይህ ስድስት ሳምንት ተኩል ነው፣ ያውም አንድም ቀን ሳይታመም፣ አንድም እንግዳ ሳይመጣ።

ስለዚህ ክር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ተራ ሳምንት ውሰዱና በእጃችሁ የገባውን ጊዜ በደቂቃ ጻፉት። የተመኛችሁትን ሳይሆን የሆነውን። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱ፤ በዓሉ ሲቃረብ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይመጣል፣ ቤት ይጸዳል። የቀረውን ይዛችሁ ከገና ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። መጨረሻችሁ ደግሞ ዋዜማው አይደለም፤ ከበዓሉ አራት ቀን በፊት ነው። ምክንያቱን ማድረቅ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የስፌት መኪናን ለትንሽ ክፍተት ማውጣት

ይህን ስህተት የማይሠራ ሰው እምብዛም አይታይም፤ ቤተሰብንም ከሁሉ በላይ የሚያስቀይመው እሱ ነው። መኪናውን ማውጣት፣ ክሩን ማስገባት፣ የታችኛውን ክር መጠቅለል፣ ካውያ ማጋል፣ ጨርቁን መዘርጋት 15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። መሰብሰቡ ሌላ 10። ከ45 ደቂቃ ውስጥ ለስፌት የሚተርፈው 15 ነው። በዚያች 15 ደቂቃ የሚቸኩል እጅ እጅጌውን ገልብጦ ያጋጥማል፤ የቀረው ጊዜ በመተርተር ያልፋል። ራት ሲደርስ ሥራው ከጀመረበት ወደ ኋላ ሄዷል፣ ጠረጴዛው አልተነሣም፣ ሁሉም ተኮራርፏል።

መፍትሔው ሥራውን እንደ ጊዜው መበጣጠስ ነው። ለቤተሰቡ አራት የሌሊት ሱሪ ትሰፋላችሁ እንበል። አንድ ምሽት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ አራቱንም ቅደዱና እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ከስም ወረቀት ጋር አስገቡ። የጨርቁን የውስጥ ገጽ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ በመብራት ፊትና ጀርባው የማይለይ ጨርቅ ብዙ ነው። ሌላ ቀን ሁለት ሙሉ ሰዓት ስታገኙ መኪናውን አውጡ፤ የአራቱንም የእግር ውስጥ ስፌት በተከታታይ ስፉ፣ ከዚያ አንዱን እግር ገልብጣችሁ ሌላው ውስጥ በመክተት የመሃሉን ስፌት ጨርሱ፣ ከዚያ አራቱንም አንድ ላይ ካውያ ምቱ። የወገቡ እጥፋት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ 3.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ካነሰ ላስቲኩ ውስጡ ይጨናነቃል። ላስቲክ ማስገባቱ፣ የእግሩ ጠርዝ የእጅ ዘምዘማ፣ ቁልፍ መትከሉ የ15 ደቂቃ ሥራዎች ናቸው፤ መኪናም ጠረጴዛም አይፈልጉ፣ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ይሠራሉ።

አንዱን ሱሪ ከመቅደድ እስከ መጨረሻ ሠርቶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ማለት አራት ጊዜ መዘርጋት፣ አራት ጊዜ መሰብሰብ ነው።

እግረ መንገድ፦ መኪናው ተቋርጦ ሲመለሱበት ከጨርቁ በታች የክር ጎጆ ከሠራ፣ ጀማሪ ሁሉ የታችኛውን ክር ይነካካል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። ክር ስታስገቡ የጨርቅ መጫኛው እግር ወደ ላይ ይነሣ፤ ከወረደ ክር የሚያጠብቁት ሁለቱ ዲስኮች ይዘጋሉ፣ ክሩም በመካከላቸው አይገባም።

ሰው ሲያዋራ የሚቆጠር ዲዛይን መሥራት

ገመድ የሚመስሉ ጠምዛዛ ዲዛይኖች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ስስ ሥራዎች፣ ሁለትና ሦስት ቀለም የሚያቀያይሩ ሥዕሎች ሁሉ ቆጠራ ይፈልጋሉ። ልጅ «ይህን ክፈችልኝ» ሲል 37 ላይ የነበረው ቁጥር ይጠፋል፤ ያኔ በልጁ መቆጣት ይመጣል፤ ልጁ ግን ምንም አላጠፋም። ሁልጊዜ ሁለት ሥራ ይኑራችሁ። አንዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሳያዩት የሚሠራ፦ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ የሹራብ ጀርባ። እሱ ለሳሎን፣ ለጉዞ፣ ለወረፋ ነው። ሌላው ቆጠራ የሚጠይቀው፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻ የሚወጣው።

በቆጠራ ሥራ ላይ በየ10 ወይም በየ20 ረድፉ ቀጭን ለስላሳ የጥጥ ክር፣ ቀለሙ የተለየ፣ በደነዘ መርፌ በሁሉም ዓይኖች ውስጥ አሳልፉ። ስህተት ከተገኘ ኪሮሹን አውጥቶ እስከዚያ ክር ድረስ መተርተር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አይነካም። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ የአንድ ምሽት ልቅሶ ያስቀራል።

ረድፍ መሃል ላይ ማስቀመጥ

ረድፉን ጨርሳችሁ አስቀምጡ። የግድ ከሆነ ደግሞ ስትመለሱ ከክር ኳሱ የሚመጣው ክር በቀኝ ኪሮሽ ላይ መሆኑን እዩ (ግራኝ ከሆናችሁ በተቃራኒው)። ካልሆነ ወደ ኋላ እየሠራችሁ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ ደግሞ የምታዩት ከብዙ ረድፍ በኋላ ነው። የረድፉን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው አያስታውስም።

የሙከራ ቁራጩን መዝለል

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ልክ ለማየት የምትሠራ ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ጊዜ ለመቆጠብ መጀመሪያ የምትዘለለው እሷ ናት። ለ100 ሳንቲ ሜትር ደረት 200 ዓይን ጀመራችሁ፤ እጃችሁ ግን በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ሳይሆን 22 እያወጣ ነው። ውጤቱ 91 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቷ ሁለት ዓይን፣ ሹራቡ ግን ለሌላ ሰው ሆነ። ቢያንስ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ሠርታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መሃሉን ለኩ፤ ጠርዙ ይዋሻል። ደግሞም በጭንቀት የሚሠራ እጅ ዓይኖቹን ያጠብቃል። ተረጋግታችሁ የሠራችሁት ጀርባና ተቻኩላችሁ የሠራችሁት ፊት ሲጋጠሙ አንድ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። እጅጌዎችን ሁለቱንም በአንድ ኪሮሽ ላይ፣ በሁለት የክር ኳስ፣ ጎን ለጎን ሥሩ። እኩል ይወጣሉ፤ «ሁለተኛውን ነገ እጀምራለሁ» የሚባለውም ይቀራል። ለካልሲም ያው ነው።

ክሩንም በአንድ ጊዜ ግዙ፣ አንድ ጥቅል ትርፍ ጨምራችሁ። መጠቅለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ይሁን። ቁጥሩ ከተለያየ «ያው ቀይ ነው» ያላችሁት ክር በቀን ብርሃን ደረቱ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል።

በድብቅ፣ በሌሊት፣ በጥቁር ክር

ስጦታውን ማንም እንዳያየው ማታ ማታ መሥራት ያለ ነው። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር ግን ለቀን ይቆዩ። የግድ ከሆነ ጉልበታችሁ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ፤ በዓይኖቹ መካከል ብርሃኑ ይታያል። እንቅልፍ ሲመጣ አቁሙ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሠራ ረድፍ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይተረተራል። በየግማሽ ሰዓቱም እጃችሁን አሳርፉ። የታመመ አንጓ በዓሉን ሙሉ ድስት አያነሣም።

የልጅ አንገት

እባካችሁ። ስንት ቆንጆ ሹራብ ነው በገና ጠዋት፣ ሁሉም እያየ፣ ጭንቅላት ላይ ተቀርቅሮ የሚቀረው! የአንድ ዓመት ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የአምስት ዓመት ልጅ 51 ገደማ ነው። የልጅ ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ ነው፤ አንገቱን ለክታችሁ መሥራት አይበቃም፣ ማለፍ ያለበት ጭንቅላቱ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ስትዘጉ ከሠራችሁበት ኪሮሽ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ወፈር ባለው ዝጉ፣ ከዚያ በሜትር ስቡትና እዩ። ለሕፃን ደግሞ ትከሻው ላይ የሚከፈት ሁለት ቁልፍ ያለው ሥራ ይሻላል፤ ቁልፉ በክር ብዙ ጊዜ ተዙሮ ይጥበቅ። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ለልጅ አታድርጉ፤ ያንቃል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አሻንጉሊት ስትሰፉም ዓይኑን በክር ጥለፉት እንጂ ቁልፍ አትትከሉ።

ልኩንም ካለፈው ዓመት ልብስ አትውሰዱ። ልጁ አድጓል።

ሳይታጠብ የተቀደደ ጨርቅ

ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ከ3 እስከ 5 በመቶ መሰብሰቡ የተለመደ ነው፤ ፀጉር ያለው ሙቅ የሌሊት ልብስ ጨርቅ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሱሪ በ5 በመቶ 5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። በዓሉን ለብሰውት፣ ታጥቦ፣ ቁርጭምጭሚት ይታያል። ልብሱ ኋላ በሚታጠብበት ውኃ ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡ። ቬልቬት ከሆነ ሁሉንም ቁራጭ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ ቅደዱ፤ አንዱ ከተገለበጠ ቀለሙ ሌላ ይመስላል። ካውያም ከፊቱ አይነካውም።

የማድረቂያ ቀን መርሳት

አራቱ ቀን የሚሄዱት እዚህ ነው። የሱፍ ሹራብ ቅርጹን የሚይዘው ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ሳይታሽ በፎጣ ተጠቅልሎ ተጨምቆ፣ በልኩ ጠፍጥፎ ተዘርግቶ ሲደርቅ ነው። ወፈር ያለው በቀዝቃዛ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ቸኩሎ ሞቃት ማድረቂያ ውስጥ መክተት፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማሸት፣ ሱፉን አጣብቆ የአዋቂን ሹራብ የልጅ ያደርገዋል፤ መመለሻ የለውም። ሰው ሠራሽ ክር ላይ ደግሞ የጋለ ካውያ አታሳርፉ፤ ክሩ የመሳብ ኃይሉን አጥቶ ይሞታል፣ ሹራቡም ልፍስፍስ ብሎ ይንጠለጠላል። እርጥብ ሹራብ የሚዘረጋበትንም ቦታ አስቡ። እንግዳ የሚተኛበት አልጋ አይሆንም።

ስፒል፣ መቀስ፣ ልጆች

ቆጥራችሁ አውጡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ። 20 ከወጣ 20 ይግባ። ሲጨርሱ ወለሉን በማግኔት መጥረግ ጥሩ ነው፤ የናስ ስፒል ግን ማግኔት አይዘውም። መኪናውን ለአንድ ደቂቃም ብትለዩት ከሶኬት ንቀሉ። የጨርቅ መቀስ የስጦታ ወረቀት አይቆርጥም፣ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ።

ልጆችን ከሥራው ጨርሶ ማባረርም ስህተት ነው። ክር ይጠቀልላሉ፣ የተሰፋ ይገለብጣሉ፣ አሻንጉሊት ውስጥ ጥጥ ይሞላሉ፣ ጠመኔ ያቀብላሉ። ስጦታው ላይ ግን አታለማምዷቸው፤ ለመማሪያ የራሳቸው ወፍራም ክርና የራሳቸው ቁራጭ ጨርቅ ይኑራቸው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት መጀመር

አንድ ሰው ሹራብ ከተሠራለት ሌላውም ይገባዋል የሚል ሐሳብ ነው ብዙ ሰው የሚያጠፋው። 46 ሰዓት በስድስት ሲባዛ ምን እንደሆነ አስሉ። ዘንድሮ ለአንዱ ሹራብ፣ ለሌሎቹ ኮፍያ። በቅድሚያ የሚያልቁት ደግሞ የልጆቹ ይሁኑ፤ አዋቂ ይታገሣል።

ሳይጨርሱ መስጠት ያሳፍራል ብሎ ዋዜማውን ማደር

ከአራት ቀን በፊት ያላለቀ ነገር ቢቸኩሉበትም ደህና ሆኖ አይወጣም። እንደሆነ ጠቅልሉት። ኪሮሹን ግን ከነሥራው ካርቶን ውስጥ አትክተቱ፣ ዓይኖቹ ያመልጣሉ። ሁሉንም ዓይኖች በወፍራም የጥጥ ክር ላይ አስተላልፋችሁ፣ ክሩን ከሥራው ስፋት በደንብ አስረዝማችሁ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ። የቀረውን ክርና የደረሳችሁበትን ረድፍ የያዘ ወረቀት አብራችሁ አስገቡ። ባለቤቱ እንዲያው በክሩ ላይ እንዳለ ይለብሰዋል፤ እናንተም የእጅጌውን ርዝመት በራሱ ክንድ ላይ ትለካላችሁ።