የጃቫ ሎግ ላይ ስታክ ትሬስ ሲጠፋባችሁ

ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴል ቡኪንግም ሆነ ለክሊኒክ በጃቫ የተሠራ ዌብ ሲስተም የምትከታተሉ፣ ይቺን ያዙ።

ሎጉ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙ የሚሠራውንና የሚሳሳተውን በሚመዘግብበት ፋይል ላይ፣ «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» (ኮዱ ባዶ የሆነን ነገር ልጠቀም ሲል የሚነሳ ስህተት) የሚል አንድ መስመር ብቻ ይደጋገማል። መልእክት የለው፤ ስህተቱ በየትኛው ክላስ፣ በስንተኛው መስመር እንደተነሳ የሚዘረዝረው ስታክ ትሬስም የለው። ብዙ ሰው ወዲያው የሎግ ሴቲንጉን መነካካት ይጀምራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ሂዱ። ሰርቨሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከተነሳበት ሰዓት ጀምራችሁ ያንኑ ስህተት በቆዩት ሎጎች ውስጥ ፈልጉ። ዚፕ የሆኑትንም ፈትታችሁ እዩ። ሙሉው ስታክ ትሬስ እዚያ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆትስፖት የሚባለው የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ያው ስህተት አንድ ቦታ ላይ በጣም ሲደጋገም ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል (ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይራል)። ከዚያ በኋላ ለፍጥነት ሲል ቀድሞ የተዘጋጀ፣ ትሬስም መልእክትም የሌለው ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ከጃቫ 5 ጀምሮ ያለ ባሕርይ ነው።

የድሮው ሎግ ከተሰረዘ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉት፤ የመጀመሪያዎቹ ስህተቶች ሙሉ ሆነው ይመጣሉ። ወይም በማስነሻ ትእዛዙ ላይ «ኦሚት ስታክ ትሬስ ኢን ፋስት ትሮው» የሚለውን የኤክስ ኤክስ አማራጭ ከስሙ ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ (-XX:-OmitStackTraceInFastThrow) አጥፉት። ስህተቱ በየሰከንዱ የሚጎርፍ ከሆነ ግን ሎጉ ዲስኩን ቶሎ ይሞላዋልና ምክንያቱን እስክታገኙ ብቻ ተጠቀሙበት።

ራሳችሁ በኮድ የምትወረውሩት ኤክሴፕሽን ላይ ግን ሆትስፖት ትሬሱን እንዲህ አያጠፋም። እዚያ የጠፋ ትሬስ ካለ፣ ስህተቱን ይዞ ዝም የሚል ካች ብሎክ (ስህተት የሚያዝበት የኮድ ክፍል) ፈልጉ።