የካርፓል ተነል ቀዶ ሕክምና ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንጓ ላይ ነርቭ ተጨንቆ እጅን ለሚያደነዝዘው ካርፓል ተነል ሐኪም “ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል” ሲል ብዙ ሰው ወዲያው “የትኛው ይሻላል? በካሜራ የሚሠራው ወይስ የተለመደው?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የምንፈልግበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስተናል። ጎረቤት ያደረገችው፣ ቲክቶክ ላይ የታየው ወይም ጠባሳው ያነሰው ያሸንፋል። እጅ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ረጋ ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

ሁለቱን የተለያየ ሕክምና አድርጎ ማየት

ከመዳፍ ሥር፣ አንጓው ላይ ካርፓል ተነል የሚባል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከታች አጥንት ነው፤ ከላይ ጠንካራ ጅማት ይሸፍነዋል። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ በዚህ ውስጥ ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ የሚጨነቀው ነርቩ ነው።

በተለመደው፣ ማለትም በክፍቱም ሆነ በካሜራው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ያንን የላይኛውን ጅማት ቆርጦ ነርቩን ማስተንፈስ። የሚለየው መግቢያው ነው። በክፍቱ ሐኪሙ መዳፍ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ጅማቱንና ነርቩን በዓይኑ እያየ ይሠራል። በካሜራው፣ ማለትም በኢንዶስኮፒ ደግሞ አንጓው ላይ፣ አንዳንዴም መዳፍ ላይ ጭምር፣ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በካሜራ እያየ ከውስጥ ይቆርጣል።

ወራት ካለፉ በኋላ ሲታይ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው። የኢንዶስኮፒ ጥቅም የሚታየው መጀመሪያ ላይ ነው። የቁስሉ ሕመም ቀለል ይላል፤ ወደ ሥራ መመለስም በአማካይ በሳምንት ገደማ ይፈጥናል። በአንጻሩ ጊዜያዊ የነርቭ መደንዘዝ በኢንዶስኮፒ ትንሽ በዛ ብሎ ይታያል። ነገሩ በካሜራ በደንብ ካልታየ ደግሞ ሐኪሙ መሀል ላይ ወደ ክፍቱ ሊዞር ይችላል። ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ በኋላ እንዳይደነግጡ።

መሣሪያውን መርጦ ሐኪሙን መርሳት

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ ሳይለቅ የሚቀርበት አንዱ ዋና ምክንያት የላይኛው ጅማት ሙሉ በሙሉ አለመቆረጡ ነው። ይህ ደግሞ የእጅ ልምድ ጉዳይ ነው። ክፍቱን ዘወትር የሚሠራ ሐኪም፣ ኢንዶስኮፒን አልፎ አልፎ ከሚሞክር ይሻልዎታል። “ዶክተር፣ እርስዎ አዘውትረው የሚሠሩት የትኛውን ነው? ችግር ቢገጥም ምን ያደርጋሉ?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ቅር አይለውም።

ምርመራውን ሳይጨርሱ ወደ ምርጫው መሮጥ

ካርፓል ተነል የሚያደነዝዘው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሀል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት ብቻ ከደነዘዘች ነገሩ ሌላ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ከአንገት የሚመጣም አለ። ስለዚህ የነርቭ ምርመራ ከታዘዘልዎት አይዝለሉት። ስኳርና ታይሮይድም ይታዩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ አይቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሻላል።

“ሪህ ነው፣ ይለቃል” እያሉ ማቆየት

ሌሊት እጅ ደንዝዞ መንቃት፣ ተነስቶ እጅን ማራገፍ፣ ሲኒ ከእጅ ማምለጥ። ብዙዎች ይህን ለዓመታት በ“ብርድ መታኝ” ያሳልፉታል። ወጌሻ ዘንድ ሄደው ይታሻሉ፤ የቫይታሚን ቢ መርፌ ይወጋሉ። መታሸት የተጨነቀውን ነርቭ አያስለቅቅም። ቫይታሚኑም እጥረት ለሌለበት ሰው ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም።

ቀለል ላለ ደረጃ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰርና የስቴሮይድ መርፌ ይረዳሉ። የመርፌው እፎይታ ግን ለብዙዎች ጊዜያዊ ነው። ሁለት መዳፍዎን ጎን ለጎን ዘርግተው አውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ያስተያዩ። አንዱ ከሟሸሸ ወይም ጣቶቹ ቀኑን ሙሉ ከደነዘዙ ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። እዚያ ከደረሰ ቀዶ ሕክምና ቢደረግም የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። የትኛው ዘዴ ይሻላል ከሚለው ይልቅ መቼ የሚለው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ ፈርቶ መቅረት

አብዛኛው ሰው አይተኛም። እጁ ብቻ ይደነዝዛል፤ ከሐኪሙ ጋር እያወራ ያልቃል፤ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ቀኑን ከኑሮ ጋር ሳያስማሙ መቁረጥ

“ሁለቱንም እጄን በአንዴ ልገላገል” የሚል አለ። ይቻላል። ግን ማን ያጎርስዎታል? ማን ያጥብዎታል? ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ቀኝ እጅዎ ብቻ ቢሆንም ቁስሉ እስኪደርቅ እንጀራ መቁረስ አይታሰብም፤ ማንኪያ ይለምዱ። ስፌቱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ለቢሮ ሥራ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊበቃ ይችላል። ሊጥ ለሚያቦካ፣ ሹሩባ ለሚሠራ ወይም እቃ ለሚያነሳ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ቀላል ሥራ እንዲሰጥዎት የሐኪም ደብዳቤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጠይቁ። ከሠርግና ከዓመት በዓል ዋዜማም ያርቁት።

ማገገምን ከጎረቤት ጋር ማወዳደር

የሌሊቱ ሕመም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። የቆየ መደንዘዝ ግን ወራት ይፈልጋል። መዳፍ ሥር፣ ቁስሉ ግራና ቀኝ፣ ሲጫኑት የሚያም ነገር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ይህ በሁለቱም ዘዴዎች ያጋጥማል፤ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። የጭብጥ ኃይል ለመመለስ 3 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። እጅን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን አይበጅም። ሐኪምዎ ካልከለከለ ጣቶችዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጥፉ፣ ይዘርጉ። ቁስሉ እየቀላ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጣት አልታጠፍ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታዩ።